የአራስ ቤት መስኮት

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን ቡናና ጠጠር ቀላቅለው ጠረጴዛ ላይ በተኑልን። ለቅመን ለየነው። «ይሄ ድብልቅ ነው» አሉ። ቀጥለው ከሰል አነሱ። «ይሄ በአብዛኛው ካርቦን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አየር አጥሮት ሲነድ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ መርዛም ውህድ ይወጣዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ከቤት አየር ጋር ከተደባለቀ እንደ ጠጠር ለቅማችሁ አታወጡትም።»

ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ፤ እህቴ ቤት ውስጥ አራስ ነበረች።

የከተማችን የጌጫ ክረምት አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እናታችን ስለሌለች ልታርሳት የመጣችው አክስታችን መስኮቱን ዘግታ፣ በበሩ ስር ጨርቅ ወትፋ፣ አልጋው አጠገብ ማንደጃ ከሰል አስቀመጠች። በሳር ቤት ሳለንም እንዲሁ ይደረግ ነበር። ያኔ ግን ግድግዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር። አዲሱ ቤት ሲሚንቶና ኮርኒስ ነው፤ ምን ትንፋሽ አለው!

ከትምህርት ቤት ስገባ እህቴ ግንባሯን በሻሽ አስራ፣ «ራሴን ፈለጠኝ» አለችኝ። መስኮቱን በረገድኩት።

«አንቺ!» ጮኸች አክስቴ። «አራስ ላይ ነፋስ? ልትገድያት ነው?»

«የሚገድላት ከሰሉ ነው፣ አክስቴ!»

«ጢሱ ውጭ አልቆ፣ ፍም ሆኖ ነው የገባው። የታለ ጢሱ? አሳይኛ!»

የማይታይ ነገር ምን ብዬ ላሳያት? እህቴም፣ «ተይ የኔ እህት፣ ህፃኗን ይበርዳታል» አለችኝ። አክስቴ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፤ ህፃኗን ልታጥብ ወጥ ቤት ይዛት ወጣች፤ እኔን ከሩቁ ምንጭ ውሃ ቅጂ ብላ ላከችኝ።

ስመለስ እህቴን ብጠራት፣ ብወዘውዛት አልነቃ አለች። ከንፈሯ ቀልቷል፤ የሞተች አትመስልም ነበር።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። «ብርድ መታት። መስኮቱን የከፈተችው ያቺ ናት።» አክስቴ ሰማች፤ እሷው መልሳ እንደዘጋችው አልተናገረችም። ያ ዝምታዋ ዛሬም አንጀቴን ያሳርረዋል፤ ይቅር በያት ለሚሉኝም እሺ አልልም።

ሚዛን ከተማ ኮሌጅ ተምሬ እዚያው ጌጫ የሳይንስ መምህርት ሆንኩ። ህፃኗን አክስቴ አሳደገቻት፤ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል፣ እኔው ዘንድ ገባች። ቁርጥ እናቷን ናት። እኔን «አክስቴ» ብላኝ አታውቅም፤ እንደ ሌላው ልጅ «ቲቸር» ነው የምትለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሰል ይዤ ያንን ትምህርት አስተማርኩ። ስጨርስ የእህቴ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቤት እንደነገሩኝ መስኮት ከተከፈተ ግን አራስ በብርድ ትሞት የለ?»

«አትሞትም፣ ልጄ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ አጠገቧ ያለውን መስኮት ዘጋችው።