የአንሶላ ዝናብ

ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መሪ የለው፣ ጥሩንባ የለው፣ “ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ” ብሎ የሚያዘው ተሳፋሪ የለው። ሚስቱ ግን ከሥራዋ ንቅንቅ አላለችም። ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና ለአንድ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥባለች፤ ግቢው ሙሉ ገመድ ነው። እሱ በአንሶላው መሃል ጎንበስ ቀና እያለ ሲንጎራደድ ሴቶቹ “ጋሼ፣ እስቲ ዞር ይበሉልን” ይሉታል። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲያዞር የኖረ ሰው በገዛ ግቢው መዞሪያ አጣ።

ለሚስቱ አንድ ነገር መጥቀም ፈለገ። የእሷ ጠላት ደግሞ ድንገተኛ ዝናብ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ ቤት የሚተከል የአየር ሁኔታ መለኪያ አሳዩኝ አለ። አንደኛው ሙቀት ብቻ የሚናገር ነው። “ሙቀቱንማ ግንባሬ ይነግረኛል” ብሎ ገፋው። ሌላው የንፋስ መለኪያ ነበረው፤ እሱንም አልፈለገው። የመጨረሻው ዝናብ የሚቀበል ጣሳ አለው፤ ጥቂት ጠብታ ሲገባበት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ስክሪን ይጮኻል። የሚጮኸውን መረጠ። ጥሩንባ የለመደ ጆሮ ሌላ ምን ይመርጣል?

መመሪያው ከግድግዳና ከዛፍ አርቃችሁ ገላጣ ቦታ ትከሉ ይላል። ዕለቱ እሑድ ስለነበር ገመዱ ባዶ ነው፤ ከግቢው መሃል የበለጠ ገላጣ ቦታ አልታየውም። ብረት ተከለ፣ በውሃ ልክ አቃና፣ ጣሳውን አሰረ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየውና ደስ አለው።

በማግስቱ ጠዋት ስክሪኑ ጮኸ። “ዝናብ! አንሶላ አንሱ!” እያለ ወጣ። ሴቶቹ እጃቸው አረፋ እንደሆነ ሮጡ፤ ውሃው የሚንጠባጠበውን አንሶላ ታቅፈው ቀና ቢሉ ጠራራ ፀሐይ። መልሰው አሰጡት። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ ሮጡ። በመጨረሻ አንደኛዋ የአንሶላውን ጫፍ አየችው፤ ጠብ ጠብ የሚለው ጣሳው ውስጥ ነው።

“ጋሼ፣ ዝናቡ እኮ የኛው ነው!”

በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሚስቱም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ምን ይደበቃል፣ እኛም ጎረቤቶች በአጥር ላይ ሆነን ስቀናል። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባየነው ቁጥር “ዛሬስ አንሶላው ይዘንባል?” ማለት ያዝን። መለኪያውን ለማንም ሳይናገር ጣሪያ ላይ አወጣው።

አንድ ከሰዓት ሚስቱና ሴቶቹ የደረቀውን ለእንግዳ ማረፊያው ሊያደርሱ ወጡ። ገመዱ ሙሉ ነበር። ስክሪኑ ጮኸ። ብድግ ብሎ በሩ ድረስ ሄደ። ሰማዩ ግማሹ ደመና፣ ግማሹ ፀሐይ ነው። ባይዘንብስ? እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ሲያገኙኝስ? ሳቃቸው ገና ሳይመጡ ተሰማው። ማንቂያውን አጠፋና ተቀመጠ። ዶፉ ሲወርድ፣ ገመዱ ተበጥሶ ነጩ ሁሉ ጭቃ ላይ ሲጋደም፣ ያኔ ሮጠ። ምን ዋጋ አለው።

ሚስቱ በስብሳ ገባች። “ምነው፣ አልጮኸም እንዴ?”

“አልጮኸም።” ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

በማግስቱ እቃውን አስነቅላ፣ እሱን አስከትላ ሱቁ ሄደች። “ባለቤቴን መጫወቻ አደረጋችሁት!” አለች፤ “ዝናቡ ግቢያችንን ሲያጥበው ይሄ እቃችሁ ትንፍሽ አላለም!” ባለሱቁ ከኮዳው ጣሳው ውስጥ ውሃ ጠብ አደረገ። ስክሪኑ ሱቁን በጩኸት ሞላው። ሰው ሁሉ ዞረ።

“ደህና ነው እኮ፣ እናቴ።”

እሷ ዞራ ባሏን አየችው። ሾፌሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ፊቱን ማንበብ አላቃታትም፤ አብረው አርጅተዋል።

“አንዳንዴ ይሳነዋል መሰለኝ፤ ይቅርታ ወንድሜ” አለችና እቃውን ወደ ካርቶኑ መለሰች።

መንገድ ላይ ብትሰድበው በስንት ጣዕሙ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ካርቶኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችና፣

“ሳቃችን ይህን ያህል አንገብግቦህ ነበር?” አለችው።

“አዎ” አላት፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።