ለደረቴ የተሰጠኝ ባና

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ ከአፌ ደርሶ መልሼ እንደዋጥኩት እኔና አንድዬ ነን የምናውቀው። አሁን ጥርሴም ዓይኔም ተራ በተራ እየተሰናበቱኝ ስለሆነ፣ እናንተ የምታነቡት ለጊዜው የነፍስ አባት ሁኑልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ብንቀራፈፍም ታገሡኝ።

ጥፋቴ ይህ ነው፦ በአንድ የዘመን መለወጫ ኑሮዬን ላቅልል ብዬ ሸክሜን ከራሴ አውርጄ በአንዲት ባል የሞተባት ሴት ላይ ጫንኩት። ዋሽቼ ጫንኩት። እሷም ውሸቴን አምና አዘነችልኝ። ሁሉም ይኸው ነው፤ ግን እንዲህ በአጭሩ ስለው ቀላል ይመስላል፣ ቀላል እንዲመስል ደግሞ አልፈልግም።

ጊዜው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የምንኖረው ከጓሳ ግርጌ ነው፤ ገብስ እንዘራለን፣ በግ እናረባለን። አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ተሰማ የልብ ወዳጄ ነበር። እሱ ሲሞት ሚስቱ ጥሩወርቅ ያለ ልጅ፣ ያለ እረኛ ቀረች። በጎቿን በርቢ ያዝኩላት። ርቢ ማለት በኛ ዘንድ፣ በጎቹ የእሷ ሆነው የማሰማራውና በበረቴ የማሳድረው እኔ ነኝ፤ ግልገሉን እኩል እንካፈላለን። ጠጉሩ ግን የብቻዋ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ጠጉሩን ፈትላ ሞላሌ ገበያ ታወጣለች፤ ጨውም በርበሬም ከቤቷ የሚገባው በዚያ ነው።

ሌላም ነገር እወቁልኝ። ርቢ ዝም ብሎ አይፈርስም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ወቅት ታይቶ፣ ለበጎቹ ሌላ የሚይዝ ሰው ተፈልጎ ነው። ባል የሞተባትን ሴት በግ ድንገት ነድቶ ደጇ ላይ የሚያቆም ሰው በአገሩ ስሙ ይጠፋል። የታመመ ሰው ሲሆን ብቻ ነው ማንም ለምን የማይለው።

እኔ በየዓመቱ ለቅዱስ ዮሐንስ የምሳል ሰው ነበርኩ። አረቄ አልቀምስም እላለሁ፣ በድንበር ከተኳረፍኩት ወንድሜ ጋር እታረቃለሁ እላለሁ፣ ለደብሩ ዣንጥላ አስገባለሁ እላለሁ። የመስቀል ደመራ ሳይለኮስ ሁሉም ይረሳል። ሰዉ ተረት አድርጎኝ ነበር፤ የማይረባ ቃል ሲሰማ «የወልዴ ስለት ነው፣ መስቀል አይደርስም» ይባላል። ከሌሎቹ ጋር አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤን ግን ይበላኝ ነበር።

ዘመነ ማርቆስ አልቆ ዘመነ ሉቃስ በገባበት ቀን አንድ ወጣት ሰባኪ ከመሐል ሜዳ መጥቶ አስተማረን። «ወገኖቼ» አለ፣ «በየዓመቱ ስለቱን እንደ ገብስ ትከምሩታላችሁ፣ ሳትወቁት ይበሰብሳል። ዘንድሮ የምትችሏትን አንዲት ነገር ብቻ ያዙ። ለእሷ ቦታ እንዲገኝ ደግሞ ከኑሯችሁ ትርፉን አራግፉ።» ቃሉ ለእኔ ብቻ የተነገረ መሰለኝ። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፦ ዓመቱን ሙሉ እሑድ ቅዳሴ ላላስታጉል፣ ከመጀመሪያው እስከ እትዉ በሰላም ቆሜ ላስቀድስ። በቃ፣ አንዲት ነገር። ግን የራሴን ጥቂት በጎች ሚስቴ ብታይልኝ፣ የጥሩወርቅን መንጋ እሑድ ጠዋት ማን ያሰማራልኛል?

ለየሻረግ፣ ለሚስቴ፣ ነገርኳት።

«ደግ ነው» አለች። «ታዲያ ምኑን ልታራግፍ ነው?»

«እያሰብኩ ነው።»

«ምን ያሳስባል? አረቄውን ነዋ! ካልሆነም የወንድምህን ኩርፊያ። እሱ ከአህያ ጭነት ይከብዳል።»

«እሱስ ቀስ ተብሎ የሚታይ ነው።»

«እንግዲያውስ እኔን አራግፈኝ፤ ከኔ ሌላ ትርፍ ዕቃ በዚህ ቤት አላይም!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ ግን ወደ በረቱ ሄደ። ለምን ሄደ? ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን የጠየቅኩት ይህንን ነው። አረቄውን ብተው የመሸታ ጓደኞቼ ይቆጡኛል። ወንድሜን ልታረቅ ብል ቀድሜ አንገቴን መድፋት አለብኝ። ጥሩወርቅ ግን ምንም አትለኝም። ስለዚህ ከሸክሜ ሁሉ አፍ የሌለውን መረጥኩ። እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ሰባኪው አይደለም።

በማግስቱ በጎቹን ነድቼ ደጇ ላይ አቆምኩ። እሷ በራፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች።

«እቴ ጥሩ» አልኳት፣ «ደረቴን ያመኛል። የጓሳ ብርድ ይጥልሃል ተብያለሁ። ልመልስልሽ ነው የመጣሁት።»

ማንም እንዲህ አላለኝም። ደረቴ እንደ ድንጋይ ነበር። ትን እንዳለው ሰው አድርጌ ሳልኩላት።

እንዝርቷን ጣል አደረገችና ብድግ አለች። «እኔን! ለስንት ጊዜ ደብቀኸኝ ነው ወንድም ዓለም? አንተን ያኑርልኝ እንጂ በግ ምን አላት!»

«ማን ያግድልሻል ታዲያ?»

«እግዜር እግር ሰጥቶኛል።»

አዎ፣ እንዲህ ነው ያለችኝ። እግር ሰጥቶኛል።

ኑሮዬ የቀለለ መስሎኝ ነበር። ግን ሳል መጠበቅ በግ ከመጠበቅ ይብሳል። በጓ ሲመሽ በረት ትገባለች፤ ውሸት የሚገባበት በረት የለውም። ጥሩወርቅ በአጥሩ በኩል ስታልፍ እስላለሁ፣ ለየሻረግም ሳልኩላት፣ ድምፄ ከደጅ እንዳይሰማ ዘፈኔን ተውኩ። የሻረግ ከቤት ስትወጣ ብቻ ነበር እንደ ሰው የምተነፍሰው። በዚያ ላይ ጥሩወርቅ በየሳምንቱ ጦስኝ ለቅማ ደጄ ድረስ ታመጣለች። «አፍልተህ ጠጣው፣ ለደረት ፍቱን ነው» ትለኛለች። በጎቿን ከጉም ውስጥ እየጠራች ስታግድ የለቀመችው ጦስኝ ነው። ጠጣሁት። ምን ዓይነት ሰው ነው የሚጠጣው?

ቅዳሴዬን ግን አላስታጎልኩም። መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። ሰዉ መጀመሪያ ቀለደብኝ፣ ኋላ ተገረመ፣ በመጨረሻ አከበረኝ። «ወልዴ እኮ መስቀልን ተሻገረ!» ይሉ ነበር። ልጆቻቸውን ሲገሥጹ ስሜን የሚጠሩ ሰዎች ተገኙ። ደስ ይለኝ ነበር። ይህንንም ልናዘዘው፤ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ክረምቱ እንደገባ በአንዱ እሑድ ጉም ከጓሳ ወርዶ አገሩን ዋጠው። ቅዳሴው አልቆ በደጀ ሰላሙ ተቀምጠን ጠበል ጸዲቅ እየቀመስን ነበር። ከወደ አፋፉ የሴት ጩኸት ተሰማ። ድምፁን አወቅሁት። ከማንም በፊት አወቅሁት። የጥሩወርቅ በጎች በጉሙ ውስጥ ወደ ገደሉ ተዘናግተው ሄደው፣ እሷ ድምፃቸውን ተከትላ ስትሮጥ ተንሸራትታ ወድቃለች።

ወንዶቹ ዱላቸውን እያነሱ ብድግ አሉ። እኔም ተነሣሁ። ያን ጊዜ አንዱ ትከሻዬን ይዞ፣ «አንተ ተው ወልዴ! በዚህ ብርድ በዚያ ደረትህ? ተቀመጥ» አለኝ።

ተቀመጥኩ።

ያን አፋፍ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በጎቹ ሲደነግጡ በየት በኩል እንደሚሸሹ የማውቅ እኔ ነበርኩ፤ ስጠራቸው ድምፄን ያውቁታል። አይ፣ ደረቴ ደህና ነው፣ ልሂድ ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? ስሜ ይቀርብኝ ነበር። የዓመት ሙሉ ስሜ። ስለዚህ እኔ ጤነኛው ሰውዬ ከሽማግሌዎችና ከሕፃናት ጋር ዳቦ በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ዳቦውን መጨረሴም ትዝ ይለኛል።

በቃሬዛ አወረዷት። ከበጎቹ አብዛኞቹ ገደል ለገደል ሲቅበዘበዙ መሽቶባቸው ጅብ ጨረሳቸው። ወጌሻው እግሯን አሠረው፣ ግን ጠሞ ነው የገጠመው። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ መሄድ ቀረ። የተረፉትን በጎች ሸጠች፤ ሞላሌ የምትኖር የእህቷ ልጅ ልትወስዳት ተስማማች። የተሰማ ቤት ሊዘጋ ሆነ።

ዘመነ ዮሐንስ የገባ ዕለት ስለቴን ፈጸምኩ። ሰዉ እየመረቀኝ፣ አንዱ እየጨበጠኝ፣ አንዱ ትከሻዬን እየመታኝ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጥሩወርቅ ደጄ ላይ ምርኩዟን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከጎኗ የታጠፈ ባና አለ፣ የጠጉር ብርድ ልብስ፣ አዲስ፣ ወፍራም፣ ጥቁርና ነጭ ጠጉር የተቀላቀለበት።

«እንኳን አደረሰህ ወንድም ዓለም። ስለትህን ሞላህ አሉኝ፤ ተሰማ ቢኖር እንዴት ደስ ባለው!» አለች። ከዚያ ባናውን ወደ እኔ ገፋችው። «ይቺን ለደረትህ። የመጨረሻው ጠጉር ነው። እግሬ ታሥሮ በተኛሁበት ፈትዬ፣ አሠርቼ፣ እንዲጠብቅ በእግር መርገጡን ለሰው ሰጥቼ ነው እንጂ እኔማ በምን እግሬ! እኔ ስሄድ ጦስኝ የሚለቅምልህ ስለሌለ እሷ ታሙቅህ።»

የሻረግ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ?

ሳልኩ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እግሯ ሥር ወድቄ መናገር ነበረብኝ። የመጣልኝ ግን ሳል ብቻ ነው፣ እሷም «አይዞህ» አለችኝ። በማግስቱ በበቅሎ ጭነው ወሰዷት።

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ «ዋሽቻለሁ አባቴ» እላለሁ። «ምን ብለህ?» ሲሉኝ «ሰው እንደሚዋሸው» እላለሁ። ስግደት ያዝዙኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ይፈቱኛል። ያልተናገርኩትን እንዴት ይፈቱታል?

ባናውን ግን ለብሼዋለሁ። ስንት ክረምት ለብሼዋለሁ። ሞቆኛል፤ ይህንንስ ምን ልበለው?

አምና ለዘመን መለወጫው ቆረጥኩ። ሞላሌ ወርጄ ልነግራት ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። ዛሬም ትፈትላለች፤ በግ የላትም እንጂ የሌላ ሰው የበግ ጠጉር እየተቀበለች። ድምፄን ስትሰማ ፊቷ በራ። እጇን ዘርግታ ትከሻዬን ዳሰሰች፣ ባናውን አገኘችው፣ በጣቶቿ ለየችው።

«አለች እንዴ!» አለች። «አሁንም ያምሃል ደረትህን?»

«አዎ» አልኳት።

እንዲያ ነው ያልኳት። ያን ያህል መንገድ ሄጄ። በስተርጅና ዋሸኋት፤ የዚህኛው ጊዜ ሰበብ ደግሞ ስሜም አይደለም። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ እንዳይጠፋብኝ ሳስቼ ነው። ለራሴ ነው የሳሳሁት።

ያ ሰባኪ ቃሉ ትክክል ነበር፤ በእሱ አትፍረዱበት። የሚቻለውን ያዝ አለኝ፣ ያዝኩ። ትርፉን አራግፍ ሲለኝ ግን ትርፍ ያልኩት የሰው አደራ ነበር። ከወንድሜ ጋር ሳንታረቅ ሞተ። አረቄውን ሐኪም ነው ያስተወኝ። እነዚያ ሁለቱ ነበሩ ትርፎቹ፣ የሻረግም በሳቅ ነግራኝ ነበር።

እነሆ ጳጉሜን ገባች። ዘንድሮ ምንም አልሳልም። አንዲት ነገር ብቻ ይዣለሁ፣ የምችላት መሆኗንም እንጃ። ሞላሌ እሄዳለሁ። ባናውን አልለብሰውም፤ አጣጥፌ በእጄ እይዘዋለሁ። ትዳስሰዋለች፣ ያው ጥያቄዋን ትጠይቀኛለች። እኔም «ጥሩዬ፣ ደረቴን አሞኝ አያውቅም» እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የምለው የለኝም፤ ሞኝ ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ አላወቅሁም ብዬ አንዲት ቃል አልጨምርም።

እናንተም ይፍታህ አትበሉኝ። መጀመሪያ እሷ ትስማው።