እታለምን ያናገሯት ፊልሞች

ባለፈው ወር የተቃጠለ ካውያ ይዤ ሀና ማርያም አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጠጋኙ የአንድ ሰው የሠርግ ካሴት ወደ ፍላሽ ሊገለብጥ አሮጌ የቪዲዮ ዴክ ውስጥ ሲከተው ያንን ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ቀጭ ይላል፣ ቀጥሎ ካሴቱን እየዋጠ ያጉረመርማል፣ በመጨረሻ እንደ ረጅም ትንፋሽ ይጎተታል። ከሃያ ዓመት በላይ አልሰማሁትም ነበር። ካውያዬን እንደታቀፍኩ መካኒሳ አቦ ከነበረው ቤታችን ሳሎን ገብቼ ቁጭ አልኩ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እያወራ።

አባቴ ቀለምና ምስማር የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። ዴኩን የገዛው ቤቱን ለቆ ከሚሄድ ሰው ላይ ሲሆን፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ካሴት ተመርቆለት መጣ። ካሴቶቹ አብዛኞቹ አስፈሪ ፊልሞች ነበሩ። ወንድሜ ናቲ ደም ያልፈሰሰበትን ፊልም ከአስፈሪ አይቆጥረውም ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ከድር ደግሞ ደም የሚያበዙት ማስፈራት ሲያቅታቸው ነው ብሎ ይከራከርና፣ እስከ መጨረሻው ገዳዩ የማይታወቅበትን ልብ አንጠልጣይ ፊልም ይመርጥ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለነበርኩ በጣቶቼ መሃል እያየሁ ሁለቱንም እደግፍ ነበር። አባቴ ግን ልቡ ያለው አንድ ፊልም ላይ ነበር፤ ከረግረግ ውስጥ የሚወጣ አውሬ ያለበት፣ ከመታየት ብዛት ምስሉ የደበዘዘ ካሴት። አውሬው ዞር ሲል የልብሱ ዚፕ ከጀርባው ቁልጭ ብሎ ይታይ ስለነበር ፊልሙን «ዚፑ» ነበር የምንለው። እኛ ስንስቅ አባቴ ይቆጣና «ይሄን ልብስ የሰፋው ሰው ስንት ቀን እንደለፋ አይታያችሁም?» ይለን ነበር።

እናቴ ሆሳዕና ያደገች የወንጌል አማኝ ነች። ፊልሙ ሲጀመር ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋና ጩኸቱ እንዳይሰማት መዝሙር ትዘምር ነበር። «በዚህ ሳሎን እኮ ጸሎት ይደረግበታል!» ትላለች፤ አባቴም ድምፁን ትንሽ ይቀንስላታል።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ የአባቴ ታላቅ እህት እኛ ጋ መጣች። አባቴ «እታለም» ስለሚላት ሁላችንም እታለም አልናት። ባለቤቷ ለሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ከሞተ ገና አርባው ማለፉ ነበር፤ ልጅ አልነበራቸውም። ለቅሶው ላይ አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣችም ብለው ዘመዶች ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። እኛ ቤት ከገባች በኋላም ሲጠሯት «እሺ»፣ ደህንነቷን ሲጠይቋት «ይመስገን» ከማለት በቀር አትናገርም ነበር። እናቴ የምትወደውን ምግብ ትሠራላታለች፣ ፀጉሯን ትጎነጉንላታለች፣ ትከሻዋ ላይ እጇን ጭና ትጸልይላታለች፤ እታለም ሁሉንም ዝም ብላ ትቀበል ነበር። ዝናቡና ጭቃው ከቤት ስለማያስወጣ ቅዳሜም ከኛው ጋር ሶፋው ጥግ ትቀመጣለች፤ ፊልሙን ትየው ግድግዳውን ትየው ግን አይታወቅም ነበር።

ነሐሴ ላይ እኔ በእንቅልፌ መጮህ ጀመርኩ። እናቴ ይህን ስታይ ቆረጠች፤ «ለዘመን መለወጫ ይሄ ዕቃ ከቤቴ ይውጣ» አለች። አባቴ «ይወጣል» አለ፤ ገዢም አገኘለት። ናቲ ለሁለት ቀን ምሳ አልበላም ብሎ አኮረፈ።

ሰውየው ዴኩን ሊወስድ የተቀጠረው ጳጉሜ ውስጥ በዋለች ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ነበርና እኛ ከምሳ በኋላ ለመሰነባበቻ የመጨረሻውን ፊልም ከፈትን። አንዲት ሴት ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ከምድር ቤቱ የሆነ ድምፅ ትሰማለች፤ ሻማ ይዛ ደረጃውን ቀስ እያለች ትወርዳለች። እኔ ዓይኔን ሸፍኛለሁ፣ ናቲ እየተቁነጠነጠ ነው፣ ከድር ገዳዩን ሊነግረን አፉን እየከፈተ ነው።

«ይቺ ሴትዮ ጎረቤት የላትም እንዴ?»

ዞር ስንል እታለም ናት።

«አንዴ ብትጮህ ሰው አይደርስላትም?» አለች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

ናቲ «ጎረቤት የለም እታለም፣ ጫካ ውስጥ እኮ ነው የምትኖረው» አላት።

«ታዲያ ማን ነው ጫካ ውስጥ ብቻሽን ኑሪ ያላት?»

አባቴ ሳቁ አመለጠው። እናቴ የመዝሙሯን መሃል አቋርጣ፣ የሽንኩርት ቢላዋ በእጇ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ልትቆጣን የመጣች መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እታለም አጠገብ መጥታ ተቀመጠችና ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጥታ ጠየቀቻት።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ ከዚያስ ምን ሆነች?»

እታለም ከመጀመሪያው ጀምራ ሙሉውን ተረከችላት። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ ሰውየውን የመለሰችው ራሷ እናቴ ናት፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል» ብላ። ለኛ ደግሞ እንዲህ ስትል ደነገገች፦ «ሰይጣን ያለበትን አላይም፣ አታዩምም። ሰው ሰውን የሚያሳድድበት ከሆነ ግን እሺ።»

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት፣ ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን እየጠበቅን እንውል ነበር። እታለም ከአውሬም ከመናፍስትም አንዱን አትፈራም ነበር፤ እሷ የምታየው የሰዎቹን ጠባይ ነው። ከድር የሚመካበትን ገዳይ የማወቅ ችሎታ በአንድ ወር ነጠቀችው። «ያንን ሻይ ያልጠጣውን ሰውዬ ተመልከቱት፤ ሰው ቤት ገብቶ አልቀምስም ያለ ሰው ሐሳብ አለው» ትላለች፤ እውነትም እሱው ሆኖ ይገኛል። ዚፑን ስታይ ደግሞ ከአባቴ ወገነች፤ «አውሬው እኮ ያሳዝናል። ከውሃ በወጣ ቁጥር ጥይት ነው እንጂ ማን ቁጭ በል አለው?» ስትል አባቴ በደስታ ጉልበቱን መታ።

በጋው መሃል፣ ጥር ላይ ይመስለኛል፣ ከድር ከካሴት አከራይ ያመጣውን ፊልም ስናይ አንድ ረጅም የሆስፒታል ኮሪደር መጣ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሙዚቃው እየጨመረ ነው።

«እንዲህ አይደለም» አለች እታለም በቀስታ። ቀልድ የምትጨምር መስሎን ጠበቅን። «ሙዚቃ የለውም። የነርሷ ጫማ ብቻ ነው የሚሰማው። ከሩቅ ሲመጣ፣ አምላኬ እባክህ፣ እኔ ጋ አይቁም ብዬ እለምናለሁ፤ ያልፋል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ያልፋል። አንድ ቀን አላለፈም።»

እናቴ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እታለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች፤ አባቴ መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ አብሯት አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ አይቼው ስለማላውቅ ከፊልሙ ይበልጥ ፈራሁ። ከድር ማንም ሳይልከው ጓዳ ገብቶ ውሃ ቀዳላት። በለቅሶው ቤት የቀረው ለቅሶ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተለቀሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊልም ልታይ ትመጣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አባቴ ዴኩን ሳይነካ ቆይቶ ሳለ እሷ ቀድማ ሶፋው ላይ ተገኘች። «ዛሬ ምን አላችሁ? የሚያስፈራ ይሁን» አለች፤ ሁላችንም ስንተያይ ጊዜ «ይሄኛው ፍርሃት ያልቃል። ሲያልቅ ተነስቼ ሻይ አፈላለሁ» ብላ ፈገግ አለች።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ከድር ስለ እሷ ያወራለት የካሴት አከራይ ሱቁን በቀን እንድትጠብቅለት ጠየቃት፤ ትንሽ አንገራገረችና ገባች። ሰዎች «እታለም፣ ዛሬ የሚያስፈራ ምን አለ?» እያሉ ይመጡ ጀመር፤ እሷም ካሴት ከመስጠቷ በፊት «ቤት የታመመ አለ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። አለ ካሏት፣ የፈለጉትን ትታ የሚያስቅ ትሰጣቸዋለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ከማታውቀው ጎረምሳ ጋር ስለ አንድ ፊልም መጨረሻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትከራከር አገኛት ነበር። እኔም በእንቅልፌ መጮህ የተውኩት በዚያ ሰሞን ነው።

ካሴት ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ የኛም ሳሎን ተሸጦ ሌላ ሰው ይኖርበታል። አሁን ልጄ አስፈሪ ፊልም የምታየው በጆሮ ማዳመጫ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ነው፤ ስትደነግጥ የሚታወቀኝ ትከሻዋ ሲዘል ብቻ ነው። አንዳንዴ አጠገቧ ተቀምጬ አንዱን ማዳመጫ እቀበላትና «ይሄ ሰውዬ አላማረኝም» እላታለሁ፤ መጀመሪያ ትሰላች ነበር፣ አሁን አሁን ትመልስልኛለች። እታለም ፉሪ ነው የምትኖረው፤ ስልክ ላይ ፊልም ማየት ከናቲ ተምራለች። እሑድ እሑድ ትደውልና ያየችውን ከነገዳዩ፣ ከነምክንያቱ፣ ዳይሬክተሩ ከተሳሳተው ጋር ትተነትንልኛለች። አንድ ቃል እንድትናገር እናቴ ክረምቱን ሙሉ ጾማ ጸልያላት ነበር። ዛሬ ወጡ እያረረብኝ «እታለም፣ ልዝጋው?» ስላት፣ «ቆይ፣ ዋናው ገና ነው» ትለኛለች፤ እኔም እሳቱን አጥፍቼ እቀመጣለሁ።