የማይንቀጠቀጥ እግር ፍለጋ

ቴሌስኮፑ የመጣበት ካርቶን ላይ ያለው ሥዕል ውሸታም ነበር። አንድ ፈረንጅ ከልጁ ጋር ሣር ላይ ቆሞ በቱቦው እያየ ይስቃል። ቱቦው የሚቆምበትን ባለ ሦስት እግር አልሙኒየም ከካርቶኑ አውጥቼ ግቢያችን ውስጥ ስዘረጋው ሰውየው የሚስቀው በገዢው ላይ መሆኑ ገባኝ። እግሮቹ የጃንጥላ ዘንግ ያህላሉ። የሚያጠብቃቸው ብሎን ፕላስቲክ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ስሞርድና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። የፕላስቲክ ብሎን የሚሠራ ሰው በእኛ ጊዜ ቢመጣ ወርክሾፑን እንዲጠርግ እንኳ አንፈቅድለትም ነበር።

ቱቦው ራሱ ግን ጥሩ ነው፤ እሱን አልዋሽም። ፊቱ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ሌንስ አለው፤ ረጅም፣ ነጭና ከበድ ያለ ነው። የላከችው ጅቡቲ የምትሠራ የባለቤቴ የድሮ ተማሪ ናት፤ የተላከውም ለባለቤቴ እንጂ ለእኔ አይደለም። ባለቤቴ እዚሁ ድሬዳዋ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምራለች። በየዓመቱ ሳተርንን ከነቀለበቷ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስትሥል ኖራ አንድም ቀን በዓይኗ አይታት አታውቅም። ግራ ዓይኗ በግላኮማ ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙም ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ መሆኑንና ዓመቱን ላይዘልቅ እንደሚችል ሐኪሙ መስከረም ላይ ነገረን። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ባጃጅ ውስጥ ብዙም አላለቀሰችም። "ሳይጠፋ ቀለበቷን ልያት" ነው ያለችኝ፤ እኔም አሳይሻለሁ አልኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ ጥቅምት ላይ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሳተርን ከምሥራቅ በኩል ወጥታ ነበር። በአልሙኒየሙ ላይ አነጣጥሬ ሳይ አንድ የገብስ ፍሬ የሚያህል ቢጫ ነገር እንደ ፌንጣ ይዘላል። ምስሉን ለማጥራት የማጥሪያ ቁልፉን በጣቴ ጫፍ ስነካው እስከ አስር እስክቆጥር ድረስ መንቀጥቀጡን አያቆምም። መቶ እጥፍ የሚያጎላ ቱቦ መንቀጥቀጡንም መቶ እጥፍ እንደሚያጎላ ካርቶኑ ላይ የጻፈ የለም። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይሄ ነው። ባለቤቴ ዓይኗን አስጠግታ ብዙ ቆየችና የሆነች ነገር እንደምትሮጥ ነገረችኝ። እግሩን አጣጥፌ ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

በማግስቱ ከዚራ ሰፈር ወዳለ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሰርግ የሚቀርጽ፣ ፀጉሩን ቅባት የሚያጠጣ ጎልማሳ ነው። የቪዲዮ ካሜራ ትራይፖዱን አውጥቶ እንደ ሙሽራ ዙሪያውን አዙሮ አሳየኝ። ስንት ሰርግ እንደቻለ፣ ስንት ዲጄ አጠገቡ እንደጮኸ አወራልኝ። ሰርግ ላይ ሰው ይጨፍራል፤ ምስሉ ቢወዛወዝ ጭፈራው ነው ይባላል። ሳተርን አትጨፍርም አልኩት፤ አልገባውም። ተውሼ ወሰድኩት። አንገቱ፣ ማለትም ቱቦውን ከእግሮቹ ጋር የሚያያይዘው ክፍል፣ ለካሜራ የተሠራ ስለሆነ የቱቦውን ርዝመት አልቻለም። ወደ ሰማይ ስደግነው በዝግታ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል። ስመልስለት ቱቦው ረዝሞ ነው አለኝ። ጫማ የጠበበው እግር አድጎ ነው እንደማለት።

ታይዋን ገበያም ገባሁ። እዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር ኦርጂናል ነው። ስልክ የሚያንጠለጥል ዘንግ ኦርጂናል፣ አምፖል የሚሸከም ዘንግ ኦርጂናል። አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ብወዘውዘው እንደ ሸምበቆ ተወዛወዘ። ሻጩ በኩራት መወዛወዙ ጥራቱ እንደሆነ አስረዳኝ። ከዚህ በላይ ከሰው ጋር መነጋገር ዋጋ የለውም ብዬ ወጣሁ።

በዚህ መሀል ነው ቀያሹ ጎረቤታችን የመጣው። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ አጥር የሚያዋስነን፣ ሶማልኛውን ከአማርኛና ከኦሮምኛ ሳይለይ የሚያወራ ሰው ነው። ሥራው በመነጽር እያየ መሬት መለካት ነው። ሞረድ ጨብጦ አያውቅም፤ እጁ እንደ ፀሐፊ እጅ ለስላሳ ነው። እኔ ሥራ ብዬ የምጠራው ነገር ውስጥ አይገባም። ሽርጡን እንደታጠቀ የመለኪያ መሣሪያውን እግር ትከሻው ላይ ጭኖ ገባ። ቢጫ ቀለሙ የተላላጠ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ብረት ያለው፣ ወፋፍራም የእንጨት እግር።

"ወሪያ፣ ይሄን ውሰድ" አለኝ። በድሬ ወግ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም አንተ ነው የሚለው። "ብረት ሲመታ ይጮኻል። እንጨት ዝም ነው የሚለው፣ ወላሂ። ደቻቱ ወንዝ ወርደህ አሸዋው ላይ ትከለው፤ አለቀ።"

እንጨት ለማገዶ ነው አልኩት። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰውየው ግን አልተቀየመም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። የፈለግኩ ቀን እንድወስደው ነግሮኝ እግሩን ይዞ ወጣ። ከኋላው ለባለቤቴ ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም፤ በአጭሩ በመነጽር እያየ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ስለ ብረት ሊያስተምረኝ መጣ ነው።

የባቡር ሰው የሚያምነው አንድ ነገር ነው። ወደ ድሮ ባልደረቦቼ ሄጄ ከጥቅም ውጭ የሆነ የሐዲድ ቁራጭ ለመንኩ፤ ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። አንገቱን ራሴ ሠራሁት። ከአሮጌ ፉርጎ የወጣ ነሐስ በአንድ ወዳጄ የቶርኖ ማሽን አስተካክዬ፣ ቱቦው በጣት ሲገፋ የሚዞር፣ ሲለቀቅ እዚያው የሚቀር አንገት ወጣልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ሐዲዱን ጓሮ ባለው የተከራይ ክፍል ኮንክሪት ጣሪያ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን፣ በብሎን አሰርኩት። ለማውጣት አምስት ሰው ፈጅቷል። አንዱ ለምን መሬት ላይ እንደማላቆመው ጠየቀኝ። ጣሪያው ላይ ሰማዩ ሰፊ ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ባለቤቴን እጇን ይዤ የብረት ደረጃውን አስወጣኋት። በጠበበው ዓይኗ እያንዳንዱን እርከን በእግሯ እየዳሰሰች ነው የወጣችው። ወንበር አቀረብኩላት፣ አነጣጠርኩላት፣ እጄን አነሳሁ። "ትርገበገባለች" አለችኝ። አየሁ፤ እውነትም ቀለበቷ ከአካሏ ጋር ተደባልቆ እንደ ንብ ክንፍ ይርገበገባል። መጀመሪያ በታች ያለውን የውሃ ፓምፕ ወቀስኩ፤ አጠፋሁት። ቀጥሎ ተከራዮቹን ወቀስኩ፤ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት እንዳይራመዱ አዘዝኩ። አንደኛዋ እንደ ጻድቃን እንድበርልህ ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥሎ ነፋሱን ወቀስኩ። ሐዲዱን በጉልበቴ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ምስሉ ግን መርገብገቡን አልተወም።

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ "አንተ ሰው፣ ባቡር ከሩቅ መምጣቱን ለማወቅ ጆሮህን ሐዲድ ላይ ትጥል አልነበር?" አለችኝ።

ሐዲድ የአምስት ኪሎ ሜትር ወሬ የሚያመላልስ ብረት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅ ሆኜ ገና ባቡሩ ሳይታይ ጆሮዬን ሐዲድ ላይ አድርጌ መጣ እል ነበር። ያንን ብረት አምጥቼ፣ ሰው በሚራመድበት ጣሪያ ላይ ተክዬ፣ ዝም እንዲል ጠበቅኩ። ይህን ስህተት አናጢ አይሠራውም፣ ሰርግ የሚቀርጸው እንኳ አይሠራውም። የባቡር ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

እዚህ ላይ የሚያስብ ሰው አጥሩን ተሻግሮ እንጨቱን ይዋስ ነበር። እኔ ግን አላደረግኩትም። ቀያሹ ልክ ነበር ከማለት ሳተርንን ራሷን አውርዶ ማምጣት ይቀለኝ ነበር። ይልቅ ብረቱን ዝም የማሰኝበት መንገድ አገኘሁ፤ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ወስዶ ውስጡን በደረቅ አሸዋ መሙላትና መሬት ውስጥ መቅበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። የሚወስደው ጊዜ ግን ነበር። ቧንቧው ከቁርጥራጭ ብረት መካከል እስኪገኝ አንድ ሳምንት ሄደ። የደቻቱን አሸዋ ነፍቼ፣ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ቧንቧውን የሚሠራልኝ በያጅ ቀን መብራት ስለሌለው ምሽት ምሽት ሱቁ ሄጄ መብራቱ እስኪመጣ ቁጭ እላለሁ፤ እኔ ካልቆምኩበት ብየዳውን እንደ ማስቲካ ነው የሚለጥፈው። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ኮንክሪቱ ሃያ አንድ ቀን ውሃ መጠጣት ነበረበት። በሦስት ቀን ደርቋል የሚል ሁሉ ቤቱ ተሰንጥቆ የሚኖር ነው።

ባለቤቴ ታኅሣሥ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለጊዜው የጎረቤታችንን እንጨት ብንሞክረው ብላ ጠይቃኛለች። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ አልኳት። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም። ጥር ሲጋመስ ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ጎን ማፍሰስ ጀመረች። ያላየሁ መስዬ ጠረጴዛውን እጠርግ ነበር። ምሽት ላይ ሳተርን በየሳምንቱ ወደ ምዕራብ ትወርዳለች፤ እኔ ደግሞ ኮንክሪት አጠጣለሁ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ምሰሶው አለቀ። ግቢው መሀል እንደቆመ በመዳፌ መታሁት፤ ምንም ድምፅ የለም፤ እንደ ጆንያ ድፍን ያለ ነው። ቱቦውን ሰካሁበትና ሩቅ ያለ የስልክ ማማ ላይ አነጣጠርኩ። ተደገፍኩት፣ የማጥሪያ ቁልፉን አዞርኩ፣ አጠገቡ ዘለልኩ። ምስሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ መሰለ። ከታይዋን ገበያው ሻጭ ጀምሮ እስከ ቀያሹ ድረስ ያሉትን ሁሉ ጠርቼ ባሳያቸው ደስ ባለኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባለቤቴን አስቀመጥኳትና ወደ ምዕራብ ዞርኩ። ሳተርን ከጎረቤት ፎቅ ጀርባ ወርዳለች። ትንሽ ብርሃን ከፎቁ ጠርዝ በላይ የቀረች መስሎኝ እያነጣጠርኩ፣ እያስተካከልኩ፣ ቆይ አንዴ እያልኩ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ባለቤቴ በቱቦው ውስጥ ዓይኗን አስጠግታ ጠበቀችኝ። በኋላ ቀና አለችና ፊቷን ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎኔ አዞረች፤ የቆምኩበትን ማየት አቅቷታል።

"አትድከም" አለችኝ። "እኔ አይቻታለሁ።"

መቼ አልኳት። ታኅሣሥ ውስጥ፣ እኔ በያጁ ጋ መብራት በምጠብቅበት አንድ ምሽት፣ ቀያሹ ቱቦውን ከነነሐስ አንገቱ እንጨቱ ላይ አስሮ፣ ሚስቱ እጇን ይዛት፣ ሦስቱ ደቻቱ ወርደዋል። የእግሮቹን ጫፍ አሸዋው ውስጥ በእግሩ ረግጦ አስገባቸው። እስኪያስተካክለው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሚስቱም አይታ አላህን አመስግናለች።

እንደ ሞኝ የጠየቅኩት "ተንቀጠቀጠች?" ብዬ ነው።

"አልተንቀጠቀጠችም። ቆማ ነበር።" ከዚያ እጇን አንስታ በአየር ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። "ቀለበቷ ቀጭን ናት። ሠላሳ ዓመት አወፍሬ ነው ያስተማርኳቸው።"

ይህን ስትል አንዳች አልተጠራጠርኩም፤ የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለችው ወፍራም ናት፤ ቀጭኗን የሚያውቅ ያያት ብቻ ነው። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። የዚያኑ ምሽት ልትነግረኝ በር ላይ ቆማ ጠብቃኝ ነበር። እኔ ግን ገና ከበሩ ስገባ ቀያሹን መንቀፍ እንደጀመርኩ ነገረችኝ፤ የእንጨት እግር፣ የእንጨት ጭንቅላት እያልኩ፣ እስከ እራት። "ምን ልበልህ? ዝም አልኩ" አለች። ትዝ አላለኝም። እንዲህ ያለውን በየምሽቱ ስለምለው የትኛው ምሽት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። ምሰሶው ግቢው መሀል ቆሟል፤ ሰው ያደንቀዋል፤ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ እንደሱ ያለ እግር እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ባለቤቴ ለማየት የለመነችውን አንድ ነገር ስታይ አጠገቧ የቆመው የናቅኩት ሰው ነው። እኔ ቧንቧ እያስበየድኩ ነበር።