አባቴ በእግዚአብሔር ሲያስፈራራን

ልጅ ሳለሁ የአባቴን የማታ ተረት ከምሰማ ጦሜን ባድር እመርጥ ነበር። ያደግሁት ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፋሪዎች መንደር ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሲመጣ ሃይማኖቱንና ክፉ ምላሱን ይዞ ነበር የመጣው፤ ሁለቱንም ሊያወርሰን ቆርጦ ተነስቶ ነበር። ያኔ ራት ከመቅረቡ በፊት እሳት ዳር ሰብስቦ ያስቀምጠንና የኩራዙን ክር ዝቅ አድርጎ ስለ ገሃነም ያወራልናል። የምናነደው ቀርከሃ ስለነበር አንጓው እሳት ውስጥ ጧ ብሎ ይፈነዳል፤ እሱም ይህን ያውቅ ነበርና ሊፈነዳ ሲል ጠብቆ የሰይጣንን ስም ይጠራል። ታናሽ ወንድሜ ሱሪው ላይ ይሸናል። አባቴ ይስቃል።

የተረቱ ኃጢአተኛ ሁልጊዜ ያን ቀን ያጠፋው ልጅ ነበር። ወንድሜ በጾም ወተት ቀምሶ ከተገኘ፣ ማታ በተረቱ ውስጥ ምላሱ የበሰበሰ አንድ ልጅ ይመጣል። ስም አይጠራም፤ ዓይኑን ግን ከወንድሜ ላይ አይነቅልም። ይህን ነው እንግዲህ «ልጆቼን በሃይማኖት አሳደግኩ» እያለ የሚኩራራበት።

አንድ ዓመት የጎረቤቶቻችን የበርታዎቹ ልጅ ሐዋ ለኢድ ቤታቸው ወሰደችኝ። እናቷ ገንፎ ከሥጋና ከባሚያ ወጥ ጋር አቅርባ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛዋ «ብላ ልጄ፣ አታፍርም፣ አንተም የኔ ልጅ ነው» ስትለኝ እስክጠግብ በላሁ። ክርስቲያን የሙስሊም እርድ አይበላም መባሉ ለኔ የአዋቂዎች ጉዳይ ነበር። ማታ አባቴ የት እንደዋልኩ ሲጠይቀኝ የሥጋውን ጣዕም ሳይቀር ነገርኩት።

አልመታኝም። ኩራዙን ዝቅ አደረገ።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አለ። «የእስላም ሥጋ በላች። ስትተኛ አንገቷ ላይ ያሰረችው ማተብ ጠበቀ። ጠበቀ። ጠበቀ።»

ማተቤን በሁለት እጄ ይዤ እሪ አልኩ። እሱ ግን አልበቃውም። ቄሱ መጥተው ጠበል እስኪረጩኝ ድረስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ገበታ እንዳልቀርብ ፈረደ። ራቴ በጎድጓዳ ሳህን ተሰጥቶኝ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

እናቴ ከገበታው ተነስታ አጠገቤ ቁጭ አለችና እጇን ከሳህኔ ሰደደች።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አላት።

«ራቴን መብላቴ ነዋ።»

«ረክሳለች እኮ ነው የምልሽ!»

«እንግዲያው ቄሱ ሲመጡ ሁለታችንንም ይርጩን» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችውም። ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ያኔ እያለቀስኩ ዋጥኩት፤ እግዚአብሔር የእናቴን ዓይነት ከሆነ እወደዋለሁ ብዬም አሰብኩ።

አሁን እናቴ የለችም። አባቴ አርጅቶ አሶሳ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። እጦረዋለሁ እንጂ አልወደውም። ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ሳለ፣ ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ «አንዲት ልጅ ነበረች» ሲል ሰማሁት። ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ ይቺን ለልጄ እንዳትነግራት!»

«ታዲያ ምን ልንገራት?» አለኝ። «ለኔስ ከዚህ ሌላ ተረት ማን ነገረኝ?»

አላዘንኩለትም። ልጄን እጇን ይዤ ወደኔ አመጣኋት። «እሺ አንቺ ንገሪኝ፣ እማዬ» አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ይወድሻል የሚል ተረት ፈለግኩ፤ ከልጅነቴ የቀረልኝ ግን ምላሱ የበሰበሰው፣ እሳት የበላው፣ የታነቀችው ብቻ ነው። እናቴ የሰጠችኝ ጉርሻ ነበር፤ ተረት አልነገረችኝም። ዛሬም ልጸልይ ዓይኔን ስጨፍን ቀድሞ የሚመጣብኝ የአባቴ ፊት ነው፤ ይቅር ያላልኩትም ለዚህ ነው።

ልጄ ጥቂት ጠበቀችኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ አያቷ ተመለሰች።