ከእረፍት መልስ

የአዳራሹ ድምፅ ተቆጣጣሪ በደንበኞቹ ዘንድ ስሙ «አንድ ሁለት» ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግጥም ታዳሚው ወንበር እየያዘ ሲንጫጫ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይኩን በጣቱ መታ መታ ያደርግና «አንድ ሁለት» ይላል። ቁጥሩ ሲሰለቸው እጁ የገባውን ወረቀት ያነባል፤ ውሃ የሚቋረጥበትን ቀን፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ ያገኘውን። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ቀልደኞቹ ግን ከገጣሚዎቹ ሁሉ እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ሁለት ላይ ያቆማል እያሉ ይሳሳቁበታል።

እሱ አይቀየምም፤ ቂም መያዝ አልፈጠረበትም። ሚስቱ የታመመች ጊዜም ተራ ጠብቅ ሲሉት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራ የጠበቀ፣ ዶክተሩ ነገ ይመጣል ሲሉት እሺ ብሎ የተመለሰ ሰው ነው። ሦስተኛው «ነገ» ሳይደርስ ሞተች። ልጁ ይህን አልረሳችለትም። ከቀብሩ ወዲህ ሲደውልላት ደህና ነኝ ብላ ትዘጋበታለች።

ፊት ለፊት ቆሞ ይቅርታ የሚልበት አንደበት ስላልነበረው በግጥም ጻፈው። ስምንት ወር ፈጀበት። የኮሪደሩን አግዳሚ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ ማለቱን፣ ከንፈሩ ላይ ደርሶ የተመለሰውን ጩኸት፣ አንድም ሳያስቀር። ከዚያ መድረክ ላይ እንዲያነበው መድረክ መሪውን ለመነው፤ መጥታ እንድትሰማው ልጁንም ለመናት። ስንት ጊዜ ከተለማመጣት በኋላ እመጣለሁ አለችው።

መጣችም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች። በእረፍቱ ሰዓት መድረክ መሪው እየተጣደፈ ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው መጣ። የዕለቱ እንግዳ፣ ስመ ጥሩው ገጣሚ፣ በር ላይ ደርሷል።

«ጋሼ፣ ከእረፍት መልስ እርስዎ ይጀምሩ። እኔ እንግዳውን ይዤ እመጣለሁ።»

በዚያ ቤት ማንም ገጣሚ ሳይጠራ አይወጣም፤ ስሙ ይጠራል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ጸጥ ይባላል። እሱን የሚጠራው አልነበረም። ቢሆንም ወጣ። ሰዉ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ይገባል፣ ወንበር ይጎተታል። ልማድ ሆኖበት ማይኩን መታ መታ አደረገና ማንበብ ጀመረ።

እንደ ወትሮው ድምፅ የሚሞክር መሰላቸው። የመጀመሪያውን ስንኝ አነበበ፤ ወሬው አልቆመም። ሁለተኛውን ጨረሰ፤ ኋላ የተቀመጡት ጭራሽ ሳቃቸውን ለቀቁት። ልጁ ብቻ አንገቷን አስግጋ ከንፈሩን ትከተላለች። ስለ ኮሪደሩ አግዳሚ ከጻፈው ላይ ሲደርስ ከመሐል አንዱ እጁን አውለበለበ።

«ይሰማል ጋሼ፣ በቃ ይሰማል።»

አቆመ። ግጥም እያነበብኩ ነው ቢላቸው ያበቃ ነበር። አፉንም ከፍቶ ነበር። በዚህ መሐል መድረክ መሪው እንግዳውን ይዞ ገባ፣ ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ እሱም ወረቀቱን አጥፎ ወረደ።

ልጁ የድምፅ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ዝም በሉ ማለት አቃተህ፣ አባባ? ልክ እንደዚያን ጊዜው።»

ወረቀቱን ዘረጋላት፤ እቤትሽ ሄደሽ አንብቢው ሊላት ነበር። አልተቀበለችውም። የመጣሁት ከአፍህ ልሰማው ነበር አለችውና ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ሊከተላት አንድ እርምጃ ሄደ። እንግዳው ግን ማይኩን ሊውጠው ምንም አልቀረውም፤ ስፒከሩ ያፏጫል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያያል። ተመልሶ ተቀመጠና ድምፁን ቀነስ አደረገው። ፉጨቱ ጠፋ፣ አዳራሹም ጸጥ አለ። የእንግዳው ቃል አንድም ሳይጎድል እስከ መጨረሻው ረድፍ ጥርት ብሎ ተሰማ።