በተራ የማልኖርበት ቤት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። አስቀድሜ ግን እውነቱን ልናገር፤ አልተፈወስሁም። የፈውስ ወሬ ለመስማት የመጣ ቢኖር አይቀየመኝ። ቢሆንም ስሙ ይባረክ።

ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ባዮሎጂ በማስተማር ነው። የሚለካውን አምን ነበር፤ የማይለካውን ለእናቴ ትቼላት ነበር። እናቴን የመርሳት በሽታ ሲይዛት ሦስት ልጆቿ ተሰብስበን በተራ ልንይዛት ወሰንን። አንድ ወር ኤረር በር አጠገብ በታላቅ ወንድሜ ቤት፣ አንድ ወር አቦከር ሰፈር በታናሹ፣ አንድ ወር ከሐኪም ተራራ ግርጌ በእኔ ቤት። ሽማግሌዎች ሰምተው መረቁን፤ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» አሉ። በእኛ ዘንድ ፍትሕ ማለት ይህ ነው። በዚህ ማንም ልጅ አይታማም፣ ማንም ሚስት አታጉረመርምም።

በሽታው የተወላትን ይህ ፍትሕ ወሰደባት። የአንዱን ቤት መጸዳጃ ስትለምድ ወሩ ያልቃል። እኔ ዘንድ ስትመጣ በሩን የምትፈልገው በወንድሜ ቤት በነበረበት በኩል ነው። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች «ልጄ፣ በሩን ማን ወሰደው?» ትለኛለች። ኋላ «ልጄ» ማለቱንም ተወችው፤ «የእኔ እመቤት፣ ቤቴን ያውቁታል?» እያለች አንቱ ትለኝ ጀመር። በታናሽ ወንድሜ ቤት ሞተች፤ ተራው የእርሱ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ታላቅ ወንድሜ መርሳት ጀመረ። እኔም ደሜን ተመረመርሁ።

«ዘረመሉን ከእናትዎ ወርሰዋል» አለኝ ሐኪሙ። «የግድ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ ከሌላው ሰው ይልቅ ግን ያሰጋዎታል። ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ከመጻሕፍቴ ጋር።»

አልሳቀም። «መንገድ ሲጠፋብዎት መጻሕፍት ወደ ቤት አይመልሱዎትም» አለኝ።

ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። የወንድሞቼ ልጆች ይህን ሰምተው መጡ። «አክስቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? እኛ እያለን! በተራ እንይዝሻለን» አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉት። እኔ ግን ግድግዳ የሚዳብስ መዳፍ ታየኝ፤ መዳፉም የእኔ ነበር። በዚያ ወራት እግዚአብሔር ካለ ጨካኝ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

አስቴርን ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በግቢዬ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። «እጸልይልዎታለሁ» ስትለኝ «ጸሎትሽ በዘር የመጣን አይፍቅም» ብዬ መለስሁላት።

«መች እንዲፍቅ ጸለይሁ? ከቤትዎ እንዳይወጡ ነው የምጸልየው። እኔም አልወጣም፤ ከፈቀዱልኝ አብረን እንኑር።»

«ስምሽን የረሳሁ ዕለትስ?»

«በፈለጉት ይጥሩኝ፣ እትዬ። ባሌም ቢሆን በሕይወት ሳለ “አንቺ” እንጂ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም።»

እናቴን ከቀበርሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ሳቄም ልቅሶ ሆነ። ያን ዕለት ለክቼ ያላገኘሁትን ጌታ በስሙ ጠራሁት። «አእምሮዬን ብትወስድ እንኳ ደጄን ተውልኝ» አልሁት። ወገኖቼ፣ ሳልለምነው በፊት የሚለምንልኝን ሰው በግቢዬ አኑሮ ነበር። ስሙ ይባረክ።

ዛሬ ከአስቴር ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንኖራለን። የወንድሞቼ ልጆች እየመጡ ይጠይቁኛል እንጂ እኔ ወደ ማንም አልዛወርም። ታላቅ ወንድሜንም ከሚስቱ አጠገብ ማንም እንዳያነሣው ልጆቹን ቃል አስገብቻለሁ። ለእናቴ ግን ዘግይቷል፤ ይህን ኀዘን ጌታ አልወሰደልኝም፤ አብሮኝ ተሸክሞታል።

ከመካከላችሁ እናቱን በተራ የያዘ ቢኖር ካለችበት አያንሣት፤ እናንተ ወደ እርሷ ሂዱ። ብቻውን እየኖረ በደሙ ያለውን የሚፈራ ቢኖር በጌታ ይታመን። በሽታው ይቀራል ብዬ ቃል አልገባለትም፤ ብቻውን እንደማይቀር ግን እመሰክርለታለሁ።

ዛሬ የቆምሁት ገና ስለማስታውስ ነው። አንድ እሑድ በዝማሬ መካከል ተነሥቼ «ይህ የማን ቤት ነው?» ብዬ ብጠይቃችሁ፣ ይህን ምስክርነት ከሐሰት አትቁጠሩብኝ። የጌታ ቤት ነው በሉኝ። አስቴር እጄን ይዛ ታስቀምጠኛለች፤ እናንተ መዝሙራችሁን ቀጥሉ።